በነቢያት ጾም ወራት የጽዋ ማኅበር ሥራ፤ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ደጋ

የአንድ ሃይማኖት ሕግ በመጽሐፍ መጻፉና በየቤቱ መፈጸሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ የሕዝብን ልማድ ለሚያጠና ሰው የተሰወረ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ይህ ልዩነት ከሌላው ወቅት ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጾመ ነቢያት ነው፤ ይኸውም ከኅዳር 15 ቀን አንሥቶ እስከ ልደት ዋዜማ የሚጾመውና በተለምዶ «የገና ጾም» የሚባለው ነው። በዐቢይ ጾም ጊዜ አገሩ ሁሉ አብሮ ይጾማልና አንዱ የሚጸናው ሌላውን አይቶ ነው። የገና ጾም ግን የሚገባው ገበሬው አጨዳ ላይ ሳለ፣ ጎተራው ሊሞላ ሲል፣ የበዓሉም ዝግጅት በየቤቱ ሲታሰብ ስለ ሆነ፣ ለመጾም ከሚገፋፋው ምክንያት ይልቅ ለመብላት የሚጋብዘው ይበዛል።

በዚህ ጽሑፍ የደብረ ታቦርን ከተማና ዙሪያዋን ደጋ፣ ማለት ፋርጣን፣ የጉናን ግርጌና የጋይንትን አገር ምሳሌ አድርገን፣ ምእመኑ በዚህ ወራት በጾሙ እንዲጸና የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንሞክራለን። ስብከትና የንስሐ አባት ተግሣጽ ድርሻቸው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሕጉን ከመጽሐፍ ወደ ማዕድ የሚያወርደው፣ በእኛ አስተያየት፣ የጽዋ ማኅበር ነው። ነገሩ በንጽጽር እንዲገለጥም በ18ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተነሡት ሜቶዲስቶች ለዚሁ ችግር ያበጁትን ዘዴ በቦታው እናነሣለን።

አስቀድሞ ስለ ጾሙ ሥርዐት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ይደነግጋል፤ ቤተ ክርስቲያንም በዐዋጅ የምታስጾማቸው አጽዋማት ሰባት ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ሲቈጠር 44 ቀን ይሆናል። ሊቃውንቱ ይህን ቍጥር ሲተነትኑ 40ውን ነቢያት የክርስቶስን መምጣት ተስፋ አድርገው ለጾሙት፣ ሦስቱን በ10ኛው መቶ ዘመን በግብጽ በፓትርያርክ አብርሃም ሶርያዊና በስምዖን ጫማ ሰፊው ጸሎት የሙቀጠም ተራራ ተነቀለ ለሚባልበት ተአምር መታሰቢያ፣ የመጨረሻዋን አንዲቱን ቀን ለገሃድ ይሰጧታል። በዘመነ ዮሐንስ ልደት በታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጾሙ አንድ ቀን ቀድሞ በኅዳር 14 ይገባል። ምክንያቱም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን፣ ከመጋቢት 29 ጀምሮ የሚቈጠረው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ስለሚሞላ ነው። በጾሙ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቍላል አይበሉም፤ ከሰኞ እስከ ዐርብም የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅዳሜና እሑድ የምግቡ ክልከላ እንዳለ ሆኖ ሰዓቱ ይነሣል።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው። ይሁን እንጂ በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ለብዙ ዘመን የቈየ አንድ አባባል አለ፤ ጾመ ነቢያትንና በክረምት መግቢያ የሚውለውን ጾመ ሐዋርያትን «የቄስ ጾም» ይላቸዋል። ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዐርብን ያልጾመ ሰው እንደ ክርስቲያን ሊቈጠር ያስቸግራል፤ በቀብሩ ላይ እንኳ ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። ጾመ ነቢያትን የተወ ምእመን ግን እምብዛም አያፍርም ነበር፤ «እኔ ቄስ አይደለሁ» ብሎ ያልፋል። ፍትሐ ነገሥቱ ይህን የመሰለ ልዩነት አላደረገም። ልዩነቱን ያደረገው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ለምን እንዳደረገውም ለማወቅ መጽሐፉን ትቶ ወደ እርሻው መሄድ ይገባል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ናት፤ በስተምሥራቋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በጉና ትከሻ ገብስ፣ ዝቅ ሲል ስንዴና ባቄላ፣ ከዚያም በታች ጤፍ ይዘራል። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳ፣ የክምርና የውቂያ ወራት ናቸው። አጨዳ ደግሞ በአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን አይደለምና ገበሬው ደቦ ይጠራል፤ ደቦ የጠራም ሰው ጠላ ጠምቆ፣ ወጥ ሠርቶ ማብላት አለበት። ከማለዳ ጀምሮ ማጭድ ይዞ የዋለ ጐልማሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምስ ቢቈይ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ነው። በዚህም ላይ ከክረምቱ የተረፈው ሣር ገና ስላልደረቀ ላሞች ይታለባሉ። ከደጋው በስተምዕራብ ወርዶ የሚገኘው የፎገራ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነው፤ በጾም ወራት የሚጾመው ቤተሰብ ወተቱን ስለማይጠጣው እየናጠ ቅቤውን ለበዓል ገበያ ያከማቻል። ቅቤ በጾም ረክሶ በበዓል ዋዜማ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ቅቤውን በእንስራ አጠራቅማ እያየች፣ ለራሷ በተልባና በሽሮ የምትውለው ባልቴት የምታደርገውን ትዕግሥት ከመነኩሴው ትዕግሥት አሳንሶ የሚያይ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፍልሰታን ከዚህ ጋር እናነጻጽረው። ፍልሰታ በነሐሴ፣ ጎተራ ባዶ በሆነበትና ምግብ ባነሰበት ወር ይውላል፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በደስታ ይጾሙታል። በመካከሉም ነሐሴ 13 ቀን ከተማዪቱ ስሟን የወሰደችለት የደብረ ታቦር በዓል፣ ማለት ቡሄ ሲደርስ፣ ልጆቹ ሙልሙላቸውን ይቀበላሉ፤ ሙልሙሉም የጾም ምግብ ነው። በረኃብ ወራት የሚውል ጾም ከችግሩ ጋር ይስማማል፤ በጥጋብ ወራት የሚውል ጾም ግን ከወቅቱ ጋር ይጣላል። «የቄስ ጾም» የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ጠብ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አንሆንም።

ከዚህ በኋላ የጽዋ ማኅበር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ማኅበር ማለት በአንድ ቅዱስ፣ በእመቤታችን ወይም በጌታችን ስም በየወሩ በታወቀ ቀን በተራ በየቤቱ እየተሰበሰቡ የሚጸልዩ፣ የሚበሉና የሚጠጡ ሰዎች ጉባኤ ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ ማኅበር ይጠጣል። የአባላቱ ቍጥር በሐዋርያት ምሳሌ 12 እንዲሆን የሚፈልጉ አሉ፤ ከዚያ የሚበዙም የሚያንሱም ግን ሞልተዋል። አለቃው «ሙሴ» ይባላል፤ ቄስም አይታጣበትም። ሲሰበሰቡ ካህኑ ዳቦውንና ጠላውን ባርኮ ይቈርሳል፤ ጽዋው ይዞራል፤ በደጅ የቈሙ ድኾች ድርሻቸውን ይቀበላሉ። በመጨረሻም ጽዋው ለተረኛው ይሰጣል፤ ጽዋውን የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር ድግስ ተሸከመ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ተመሳሳይ የሆነው ሰንበቴ በየቤቱ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ የሚደረግ ነው፤ ሥራው ቢመሳሰልም ለጉዳያችን የሚጠቅመን ይልቁንም ወደ ሰው ቤት የሚገባው ማኅበር ስለ ሆነ በእርሱ ላይ እናተኵራለን።

የማኅበሩ መሠረተ ትምህርት ቃል ኪዳን ነው። በገድላቱና በስንክሳሩ እንደሚነበበው፣ መታሰቢያቸውን ለሚያደርግ፣ በስማቸው ለተራበ ለሚያበላና ለተጠማ ለሚያጠጣ ምሕረት እንደሚደረግለት ለቅዱሳኑ ቃል ኪዳን ተሰጥቶአቸዋል። ስለዚህ ማኅበርተኛው ድግሱን ግብዣ ብቻ አድርጎ አያየውም፤ በነፍሱ ላይ የሚታሰብለት ሥራ ነው። በዚህም ምክንያት የማኅበር ማዕድ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት ሊጥስ አይችልም። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በሩን ዘግቶ፣ በጾመ ነቢያት ቅቤ ሊበላ ይችል ይሆናል፤ ካህኑ በተቀመጡበት፣ የማርያም ጽዋ በሚዞርበት ማዕድ ላይ ግን ቅቤ ያለው ወጥ ማቅረብ የማይታሰብ ነው። ባለቤቱ ባይጾም እንኳ ማዕዱ ይጾማል።

የጉዳያችን ቍልፍ ይህ ነው። ምክንያቱንም በቀን ቈጠራ ማስረዳት ይቻላል። ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 የሚቈይ ስለ ሆነ፣ ቀናቸው ከ15 እስከ 28 ባለው መካከል የሚውል ማኅበራት፣ ማለት የኪዳነ ምሕረት፣ የገብርኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ፣ የተክለ ሃይማኖት፣ የመድኃኔ ዓለምና የአማኑኤል፣ በአንዱ ጾም ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ። በወሩ መጀመሪያ የሚውሉት የልደታ፣ የአቦና የሥላሴ ማኅበራት አንዳንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። የሚካኤል ማኅበር ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ኅዳር 12 የሚካኤል ታላቁ ዓመታዊ በዓል ከጾሙ ሦስት ቀን ቀድሞ ስለሚውል፣ ረቡዕ ወይም ዐርብ ካልሆነ በስተቀር የፍስኩ መሰናበቻ እርሱ ይሆናል። እንግዲህ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በአንድ ወይም በሁለት ማኅበር ቢገቡ፣ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆን ነው፣ በዚያ ላይ ሰንበቴው ሲጨመር፣ አንድ ቤተሰብ በ44 ቀን ውስጥ የጾም ማዕድ በጋራ ሳይቈርስ የሚያልፍበት ሳምንት ጥቂት ይሆናል። ጾሙን «የቄስ ነው» ብሎ የተወ ሰው እንኳ በየሳምንቱ እንደ ቄሱ እየበላ ይከርማል። ነገ ማኅበር ያለበት ሰው ዛሬ መግደፉ ደግሞ ያሳፍረዋል፤ ከዛሬ እስከ ነገ የጸና ሰው ከነገ ወዲያም ሊጸና ይችላል።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር እንበል፤ የጾም ድግስ የድኻ ድግስ ነው የሚል ሰው የደጋውን ሴቶች ሙያ አላየም ማለት ነው። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ጋር ተማስሎ ሰናፍጭ የሚገባበት ስልጆ፣ እልበቱ፣ የምስሩ አዚፋ፣ በኑግ ዘይት የተሠራው ሽሮ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮው፣ ከአዲስ ገብስ የተጠመቀው ጠላ ሲቀርብ የሥጋው መቅረት አይታወቅም። የማኅበርተኛ ሚስቶች ሁለት ድግስ ያውቃሉ፤ የፍስክና የጾም። ረቡዕና ዐርብ ዓመቱን በሙሉ ስለሚጾሙ የጾሙ ድግስ ለማንም እንግዳ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። ማኅበር ወጪ ነው፤ በአንዳንድ ወር ከባድ ወጪ ነው። ድግሱን መቻል አቅቶት ከማኅበር የወጣ ድኻ በየቀበሌው አይጠፋም፤ ይህም የማኅበሩ ትልቅ ጕድለት ነው፤ በቃል ኪዳኑ ይልቁን ሊጠቀም የሚገባው እርሱ ነበርና። በሰኔና በሐምሌ ተራ የደረሰበት ሰው እህል ይበደራል። በጾመ ነቢያት ወራት ተራ የደረሰበት ድኻ ግን ከሌሎቹ ይቀላል፤ እህሉ አዲስ ነው፣ ሥጋና ቅቤ አይጠየቅም፣ ማንም የእርሱን ማዕድ ከሀብታሙ ማዕድ ጋር አያወዳድርም። ስለዚህ ጾሙ በማኅበርተኞቹ መካከል ያለውን የሀብት ልዩነት ለጊዜው ያስተካክላል። ጾሙ ከእርሻው ወቅት ጋር ይጣላል ብለን ነበር፤ በዚህ በኩል ግን ይታረቃሉ።

አሁን ማኅበሩ የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን እንለይ። ማኅበሩ አባሉ መምጣቱን ይጠይቃል፤ የቀረ ይቀጣል። ከማኅበርተኛው ጋር የተጣላ ካለ ከአንድ ጽዋ ሊጠጡ አይገባምና ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። የታመመውን ይጠይቃል፣ የሞተውን ይቀብራል። አባት ሲሞትም ብዙ ጊዜ ልጁ ቦታውን ይወርሳል። ነገር ግን «በዚህ ወር ጾምህን ጠብቀሃልን? በልብህ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ጥያቄ የንስሐ አባት ነው፤ የሚጠየቀውም በምስጢር ነው። ሕመምተኛውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ በአጨዳ የደከመውን እንደ አቅሙ የሚያቀልለትም እርሱ ነው። ማኅበሩ ማዕድን ይጠብቃል፤ ኅሊናን ለካህኑ ይተዋል።

ይህ ክፍፍል የተፈጥሮ ነገር እንዳይመስለን የሜቶዲስቶችን ነገር እናንሣ። ጆን ዌስሊና ወንድሙ ቻርልስ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከ1729 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር እየተሰበሰቡ ያነብቡና ይጸልዩ ነበር፤ አኗኗራቸው በሥርዐት የታሰረ በመሆኑ ሌሎቹ ተማሪዎች ለማሾፍ «ሜቶዲስት» አሏቸው፤ ስሙም ቀረ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ጆን ክሌይተን የተባለ ጓደኛቸው በ1732 (እ.ኤ.አ.) ከተቀላቀላቸው ወዲህ ረቡዕና ዐርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾማቸው ነው። ይህንንም ያገኙት ከጥንታውያን የሥርዐት መጻሕፍት ሲሆን፣ ከነዚህ አንዱና እነርሱ እጅግ ያከበሩት «የሐዋርያት ሥርዐቶች» የሚባለው የእኛ ዲድስቅልያ ዘመድ ነው። አንድ የእንግሊዝ መምህርና አንድ የፋርጣ ገበሬ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይጾሙ ነበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ከመጽሐፍ አግኝቶ፣ የሁለተኛው ከእናቱ ወርሶ መሆኑ ላይ ነው። በ1743 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የማኅበራቸው ደንብም ጾምን ከሚፈጸሙት ሥርዐቶች መካከል ይቈጥራል።

ነገር ግን በእናት ያልተወረሰ ጾም እንዴት ይጸናል? ዌስሊ መልሱን ያገኘው ሳያስበው ነው። በ1742 (እ.ኤ.አ.) በብሪስቶል ከተማ ለጸሎት ቤቱ የተበደሩትን ዕዳ ለመክፈል ሲመካከሩ፣ አንዱ አባል እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲሰጥ፣ ለዐሥራ አንድ ሰዎችም አንድ ሰብሳቢ እየዞረ እንዲቀበል፣ ያጣውንም ሰብሳቢው እንዲከፍልለት ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢዎቹ ገንዘቡን ሊቀበሉ በየቤቱ ሲገቡ ማን እንደ ሰከረ፣ ማን ከሚስቱ እንደ ተጣላ አዩ፤ ለዌስሊም ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ መሰብሰቡ ነፍስን ወደ መጠበቅ ተለወጠ፤ ዐሥራ ሁለት ያህል ሰዎች በየሳምንቱ ተሰብስበው እያንዳንዱ ስለ ነፍሱ ሁኔታ በጓደኞቹ ፊት የሚናገርበት ጉባኤ ሆነ። በየሦስት ወሩም መሪው መርምሮ የጸናውን ሰው ካርድ ይሰጠው ነበር። ካርድ የሌለው ወደ «የፍቅር ማዕድ» አይገባም። የፍቅር ማዕድ የተባለው ከሞራቪያውያን የተወሰደ ልማድ ሲሆን ዳቦ የሚቈርሱበትና ሁለት እጀታ ካለው አንድ ጽዋ ውኃ እየተቀባበሉ የሚጠጡበት ስብሰባ ነው። ይህን ሥርዐት ያየ የደብረ ታቦር ማኅበርተኛ የጠላውን መቅረት አይቶ ያዝን ይሆናል እንጂ እንግዳ ነገር ነው አይልም።

የበዓል ሰሞንን ፈተና በሚመለከትም ከዚሁ የሚቀራረብ ነገር አደረጉ። በብሪስቶል አጠገብ ባለው በኪንግስውድ የድንጋይ ከሰል የሚቈፍሩ ሠራተኞች የቅዳሜ ሌሊታቸውን በመጠጥ ቤት ያሳልፉ ነበር፤ ሜቶዲስት ከሆኑ በኋላ ያንኑ ሌሊት በጸሎትና በመዝሙር ማሳለፍ ጀመሩ። ዌስሊ ይህን አይቶ ሥርዐት አደረገው፤ በኋላም በዘመን መለወጫ ሌሊት የሚደረግ «የትጋህ ሌሊት» ሆኖ በዓለም ተሰራጨ። ብልኀቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ይጠጣበት የነበረውን ሰዓት ብቻውን እንዲጸናበት አላደረጉም፤ ያንኑ ሰዓት፣ ከነዚያው ጓደኞቹ ጋር፣ በሌላ ነገር ሞሉት።

ሁለቱን ስናነጻጽር፣ የሜቶዲስቱ ጉባኤ ኅሊናን በአደባባይ ሲጠይቅ የእኛው ማኅበር ማዕድን በአደባባይ ያሰናዳል። የትኛው ይበልጣል የሚለው የነገረ መለኮት ጥያቄ ነውና እንለፈው፤ የትኛው ይቈያል የሚለው ግን የእኛ ጥናት ነው። የሜቶዲስቱ ሳምንታዊ ጉባኤ መቶ ዓመት ያህል በታላቅ ኀይል ከሠራ በኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን ደከመ። በየሳምንቱ ስለ ነፍስ መናገር በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ዘንድ ወደ ተለመደ ቃል ተለወጠ፤ ጉባኤውን መካፈል ለአባልነት ግዴታ መሆኑንም በአሜሪካ ደቡብ የነበረችው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ1866 (እ.ኤ.አ.) አስቀረችው። ቃል ሲደጋገም ይበላሻል፤ እንጀራ ግን በየወሩ አዲስ ይጋገራል። በሌላ ወገን ደግሞ ማኅበሩ የሚያየው ማዕዱን ብቻ ስለ ሆነ፣ በማኅበር እየጾመ በቤቱ የሚገድፈውን ሰው የሚያርምበት መንገድ የለውም። ይህን ድክመቱን ማኅበርን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

በደብረ ታቦር አካባቢ ሁለቱ ዐይነት የክርስትና ኅብረት ጎን ለጎን የኖሩበት ጊዜ እንደ ነበረ በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል። ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የተላኩት ፕሮቴስታንት የእጅ ባለሙያዎች፣ እነ ዋልድማየርና ዛልሙለር፣ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያበጁ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለውም በ1867 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ተፈጸመ። የተወላጁን ክርስቲያን ወደ ራሳቸው እምነት እንዲመልሱ አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ ጉባኤያቸው የራሳቸው ብቻ ሆኖ ቀረ። በዚያ መቶ ዘመን የአውሮፓውያን ልደት በእኛ ታኅሣሥ 17 ቀን ገደማ ይውል ስለ ነበር፣ የእነርሱ በዓል የጎረቤቶቻቸው ጾም መካከል ላይ ደረሰ ማለት ነው። አሠሪና ሠራተኛ በአንድ መንደር ውለው አንዱ ፋሲካው ሌላው ጾሙ መሆኑ የሚያሳየው፣ ጾም የእምነት ብቻ ሳይሆን የቀን አቈጣጠርና የጎረቤት ጉዳይ እንደ ሆነ ነው።

አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የዐማራውን ገበሬ ግለኝነት አጕልቶ ጽፎአል። በመሬት ሙግትና በሹመት በኩል ላየው ሰው አስተያየቱ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ግለኛ የተባለው ይኸው ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ በየወሩ የአንድ ጽዋ ተሸካሚ ሆኖ ይኖራል፤ የተጣላውን ሳይታረቅ አይጠጣም፤ ብቻውን ሊጾመው ያልፈለገውን ጾም ከዐሥራ አንድ ሰዎች ጋር ይጾመዋል። ኅብረቱን በሸንጎና በሠራተኛ ማኅበር የሚፈልግ ተመራማሪ አያገኘው ይሆናል፤ በማዕድ ዙሪያ የሚፈልግ ግን ያገኘዋል።

በከተማዪቱ የአሁኑ ኑሮ ይህ ሁሉ እንዴት እንደ ሆነ በጥቂቱ እናንሣ። ከአንድ አጥቢያ ሳይሆን ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚሰበሰቡ ማኅበርተኞች በዝተዋል፤ ድግሱ ቀርቶ በመዋጮ የሚጠጡ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዙ፣ ገንዘባቸውን በባንክ የሚያኖሩ አሉ። መዋጮ ድኻውን ከድግስ ዕዳ ያድነዋል፤ ነገር ግን ማኅበሩ ወደ ሰው ወጥ ቤት መግባቱን ሲያቆም፣ ያ በየቤቱ የነበረው የጾም ማዕድ ሥልጣኑ አብሮ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ማንም ያልጠበቀው ለውጥ መጥቶአል። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከተስፋፉ፣ ማኅበረ ቅዱሳንም በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ፣ በዩኒቨርሲቲዎቹ የግቢ ጉባኤ የሚማሩ ወጣቶች ሰባቱንም አጽዋማት እንደ ሕጉ መጾምን ልማድ አድርገዋል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በተከፈተባት ከተማም «የቄስ ጾም» የተባለውን ጾም አያቱ የማይጾመውን የልጅ ልጁ ሲጾመው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወጣቶቹ ጾሙን ያገኙት እንደ ኦክስፎርዶቹ ከመጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ለመጽናት የተጠቀሙበት የጥንቱን ብልኀት ነው፤ እነርሱም ጽዋ አላቸው፤ በጠላው ፋንታ ለስላሳ መጠጥ ወይም ሻይ ይቀርባል።

ጾሙ የሚያበቃው እንደ ተጀመረ በማኅበር ነው። በልደት ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡ ይገድፋል፤ ጐረቤት ተባብሮ የገዛውን በሬ ቅርጫ ይካፈላል፤ ከቀትር በኋላም ወንዶቹ ወደ መስኩ ወጥተው ገና ይመታሉ፤ በዚያ ዕለት ጌታው በአሽከሩ አይቈጣም። ልደት በታኅሣሥ 29 ሲውል ዕለቱ የበዓለ ወልድ ወርኃዊ በዓል ስለ ሆነ፣ ባለፈው ወር በኅዳር 29 በስልጆና በንፍሮ የጠጡት የበዓለ ወልድ ማኅበርተኞች የፍስኩን የመጀመሪያ ጽዋ ያነሣሉ። በዘመነ ዮሐንስ ግን ልደት በ28 ይውላልና ይህ ዕድል በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ወደ አማኑኤል ማኅበር ይተላለፋል፤ የበዓለ ወልዶቹ በማግስቱ ይጠጣሉ።